ግራማፎኑን ማን ሞላው?

«ኧረ ዞረ! ኧረ እዩት፣ ዞረ!» አለች የእትዬ ጎረቤት፤ የሻይ ትሪ እንደያዘች ባለችበት ደረቀች።

ነገሩን የጀመረችው ራሷ ነበረች። ሳሎኑ ለለቅሶው ከየቤቱ በተሰበሰበ ወንበር ጢም ብሎ ትሪ ማሳረፊያ ጠፍቷት፣ መስኮቱ ሥር ያለውን አሮጌ ግራማፎን በክርኗ ገፋ አድርጋ ቦታ ላብጅ ስትል የለበሰው ጨርቅ ተንሸራቶ ወደቀ። ከሸክላው ጎን ያለችውንም ማቆሚያ ሳታውቅ ነካቻት። ቀጭ አለች። ከዚያ የዘፈኑ ሸክላ መዞር ጀመረ። መርፌው አልወረደበትምና ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ለራሱ ይዞራል፤ መሐሉ ላይ የተለጠፈው ቀይ ወረቀት ይሽከረከራል።

በመብራት የሚሠራ ዕቃ ቢሆን መብራት መጣ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይሄ ግን ገመድ የለው፣ ባትሪ የለው፤ በጎኑ የተሰካውን እጀታ ሰው ይዞ ካልሞላው ንቅንቅ የማይል የድሮ ዕቃ ነው። እጀታው ሲዞር ሆዱ ውስጥ ያለው የብረት ጥቅል ይጠብቃል፤ ማቆሚያው ሲለቀቅ ጥቅሉ እየተፈታ ሸክላውን ያዞራል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ያውቃል፤ በልጅነቱ እዚሁ ወለል ላይ ተኮልኩሎ ዘፈን የሰማበት ነው።

«ማን ሞላው?» አለ ሾፌሩ። ጡረታ ከወጣ የቆየ የግቢ ጎረቤት ነው፤ መሪ ከለቀቀ ወዲህ ድምፁ ብቻ ነው ከባድ መኪና ሆኖ የቀረው።

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ።

እትዬ ጥጉ ላይ፣ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ሟቹ ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እትዬ ብሎ ስለጠራት ሰፈሩም እሱኑ ተቀብሎ ቀረ። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ሰንብታ ዓይኗ አብጧል። አሁን ግን ፊቷ ላይ የሚታየው ልቅሶ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ያንን ቀይ ወረቀት ታውቀዋለች። ሸክላው ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጋር በካርቶን ታስሮ መቀመጥ ነበረበት።

«አቁሙት» አለች። «በፈጠራችሁ፣ አቁሙት!»

ሾፌሩ ማቆሚያዋን በአውራ ጣቱ መለሳትና ሸክላው ቆመ። የእትዬ የእህት ልጅ ጨርቁን አንስታ መልሳ አለበሰችው። ጎረቤቷ ሻይ ማደል ጀመረች።

«እኔ አልነካሁትም» አለች እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እሱ ከታመመ ጀምሮ አቧራውን ከማራገፍ በቀር እጄን አላሳረፍኩበትም።»

ወንድሟ ሬዲዮ ሠሪ ነበር። መንገድ ዳር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ነበረችው። እዚያች ውስጥ ቁልፋቸው የተነቀለ ሬዲዮዎች፣ ክር የሚበሉ ቴፖች፣ መዝጊያ ያላቸው የእንጨት ቴሌቪዥኖች ተደራርበው ይውሉ ነበር። ሰው አዲስ ሲገዛ አሮጌውን እሱ ጋ ይጥላል፤ እሱ ደግሞ መጣል አያውቅም። እያገላበጠ፣ እየነፋ፣ እየበየደ ነፍስ ይዘራበትና ማታ ተሸክሞት ቤት ይገባል። «ደግሞ ሌላ ሬሳ አመጣህ?» ትለዋለች እትዬ። «ሬሳ አይደለም፤ ራሱን ስቶ ነው» ይላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን የሚበይድበት ብረት ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ቀኝ እግሩም ተከተለ። ስትሮክ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ አፉ ተመልሶለት ነበር፤ ቀኝ ጎኑ ግን እንዳኮረፈ ቀረ።

የሞተ ዕለት እትዬ መድኃኒቱን ልታመጣ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት እንደ ሁልጊዜው ፊቱን አጠበችው፤ ቁርሱን በማንኪያ አበላችው። እንዳይወድቅ ግራና ቀኙን በትራስ ደግፋ በካኔቴራ አስተኛችው። ሌባ እንዳይገባበት በሩን ከውጭ ቆለፈች።

ስትመለስ አልጋው ባዶ ነው። ወንድሟ ሳሎን ውስጥ፣ ከግራማፎኑ አጠገብ ካለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ነጩን ሸሚዙን ለብሷል፤ ቁልፎቹ እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ግራ እጁ ግራማፎኑ ጠርዝ ላይ አርፏል፤ ፊቱ ወደ በሩ ዞሯል። «ልጄ!» አለችው፤ ስልሳ ዓመት ቢሞላውም ለእሷ ልጅ ነው። ስትነካው ቀዝቅዟል።

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ሌላ ደም ፈስሷል አላት። «ተኝቶም ቢሆን፣ ተቀምጦም ቢሆን የማይቀር ነበር» አላት። እሷ የፈለገችው መልስ ግን ይሄ አልነበረም። በሩ እንደተቆለፈ ነው ያገኘችው። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም አንገቷ ላይ ታስሮ ነበር። ማንኪያ የማያነሳ ሰው ማን አነሳው? ማን አለበሰው? የመጨረሻዋን፣ ያቺን አንገት ሥር ያለችውን ጠባብ ቁልፍ ማን ቆለፈለት?

ሬሳውን ወደ አልጋ የመለሱት የእህቷ ልጅና ሾፌሩ ናቸው። ነገሩ እዚያው እንዲቀር ተባብለው ነበር። ሾፌሩ ግን ምሥጢር የሚጠብቀው ሲተኛ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ለቀስተኛው መቀመጫ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል እንጂ ወደዚያ አይጠጋም። አሁን ደግሞ ግራማፎኑ ተጨመረ።

«እትዬ፣ ነገሩ ሲያልቅ እኔ ጋ ነው የሚሄዱት» አለች የእህቷ ልጅ፣ ወጥ ቤት ብርጭቆ እያለቀለቀች። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት፤ ሐዘንም ላይ ሰው መመደብ ትወዳለች። «ይሄን ቤት እንዘጋዋለን። ዕቃውን የሚያነሳልን ሰው አገኛለሁ፤ ዛሬ ማን ይፈልገዋል ብለው ነው? እዚህ ብቻዎን አልተውዎትም።»

እትዬ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ከዚህ ቤት ወጥታ አድራ አታውቅም፤ ወላጆቻቸው የሞቱት እዚህ ነው፣ ወንድሟን ያሳደገችው እዚህ ነው። ልብስ ሰፍታ እጇ የተጣመመውም እዚሁ ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ «ወግጂ!» ትላት ነበር። ትናንት ግን ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ባዶውን ወንበር ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መቀመጧን ልብ አለች። ቤቷ አስፈራት። ይሄ ከሞቱ ቀጥሎ ያመማት ነገር ነው።

«ማን እንዳነሳው ልወቅ» አለች። «ካወቅሁ እዚህም እኖራለሁ። ካላወቅሁ ግን የትም ብትወስጂኝ አብሮኝ ይመጣል።»

ከሰዓት በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የሱቁ ደንበኞች ነበሩ። ሐዘን ቤት ዝምታ ሲበዛ ሰው ስለ ድሮ ማውራት ይጀምራል፤ የሬዲዮ ሠሪ ሐዘን ላይ ደግሞ ድሮ ማለት ዕቃ ነው።

«የእኛ ቴሌቪዥን በጥፊ ካልተመታ አያሳይም ነበር» አለ ሾፌሩ። «እሱ ሠርቶ ሲመልስልኝ ‹ከእንግዲህ አትምታው፣ ለምኜልሃለሁ› አለኝ። እኔ ግን ለምዶብኝ ስመታው፣ ጭራሽ ጠፋ!»

«የቴፑስ ክር?» አለች ጎረቤቷ። «በእርሳስ ስንጠቀልል እንውል ነበር እኮ። ያኔ አንድ ዘፈን ለመስማት ስንቱን ጉድ! ተነሽ፣ ገልብጪ፣ አጠንጥኚ። ዛሬ ጣት ነው፣ ነካ ማድረግ ነው።»

«እኔ እኮ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቼለት ነበር፤ ክንዱን እንዳያነሳ ብዬ» አለች የእህቷ ልጅ። «ሪሞቱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ጠፋ።»

ሳቅ ብለው ነበር። ከዚያ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሁሉም ወደሚፈልገው ቦታ ደረሰ።

«ያቺ ልጅ አልመጣችም አይደል?» አለች ጎረቤቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የፊዚዮቴራፒዋ።»

«በምን ዓይኗ ትመጣለች?» አለ ሾፌሩ። «እኔ ፊዚዮቴራፒ ለኳስ ተጫዋች ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለበሽተኛም ከሆነ ደግሞ ማሳመም አለበት፤ ካላሳመመ አልሠራም ማለት ነው። የእኔን ትከሻ አንዱ ሲያሸኝ ኮከብ ነው ያሳየኝ፤ በማግስቱ ግን መሪ ያዝኩ።»

«የታመመ ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው!» አለች ጎረቤቷ። «እሷ ግን ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ተነስ፣ ተቀመጥ! ደሙን ያናወጠችው እሷ ናት። እንጃ፣ እኔ አልኩ እንዳትሉ።»

እትዬ ሰማች። ለወትሮው ከእነሱ ብሳ የምታወራ እሷ ነበረች። ልጅቷን ሆስፒታሉ ከላካት ቀን ጀምሮ ስሟን ትታ ወጌሻዋ ነው የምትላት። በመጀመሪያው ቀን ዘይት አሙቃ፣ ፎጣ አጥፋ ጠበቀቻት። ወጌሻዋ በጀርባ በምትታዘል ቦርሳ ውስጥ ላስቲክና ኳስ ይዛ መጣች።

«ዘይቱ ደስ ይላል እትዬ፤ ግን ዋናው ሥራዬ ማሸት አይደለም» አለቻት። «እጁን የሚያሠራው እሱ ራሱ ነው።»

«እሱ ከሠራ አንቺ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ወንድሟ ከአልጋው ላይ ሳቀ። ከስትሮኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የሳቀው፤ እትዬ ግን በልጅቷ ተናዳ ስለነበር ልብ አላለችውም።

ከዚያ የሸሚዙ ቀን መጣ። ልጅቷ ሸሚዝ አልብሳው ቁልፉን ራሱ እንዲቆልፍ ነገረችው። ጣቶቹ ቁልፏን ይዘው ይጥሏታል፤ ይይዟታል፣ ይጥሏታል። ግንባሩ አላበው። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና አላስችላት አለ። መጥታ እጁን ከላዩ ላይ አነሳችና ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈችለት።

«ይተዉት እትዬ፣ ይሞክር» አለች ልጅቷ። «እጅ የሚመለሰው ሲሞክር ነው። እርስዎ ባደረጉለት ቁጥር ጭንቅላቱ ያንን እጅ እየረሳው ይሄዳል።»

«እኔ እያለሁ ወንድሜ በቁልፍ ይጨነቃል? አልወለድሽም መሰለኝ» አለቻትና ወጣች። ወንድሟ ቀና ብሎ ሳያያት የተቆለፉትን ቁልፎች ይመለከት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ስትመጣ እትዬ ዘይቱን አሙቃ ታስቀምጥና ጎረቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ከግድግዳው ወዲያ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማት ነበር፤ ረጅም፣ ሻካራ፣ ጥርስ የሚያፋጭ። ጆሮዋን በሻሿ ሸፍና «አሠቃየችው» ትላለች። ኋላ ማቃሰቱ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። የዘይቱ ጠርሙስም እየጎደለ ሄደ። ያኔ ልቧ ትንሽ አረፈ፤ ወጌሻዋ ልብ ገዝታ ማሸት ጀምራለች፣ ሕመሙንም ለምዶታል ብላ።

ልጅቷ የመጣችው ለቀስተኛው ሳስቶ፣ ሾፌሩ እንኳ ወሬ ጨርሶ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ጥቁር ሻርፕ አጣፍታለች። በሩ ላይ ቆማ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አለች። ቦታ የለቀቀላት ሰው የለም። ዞር ዞር ብላ ስታይ ባዶ የሆነው ያ ወንበር ብቻ ነበር። ልትቀመጥበት ስትል ጎረቤቷ «እሱ ላይ አይሆንም!» ብላ ጮኸች።

እትዬ ተነሳች። «ነይ» አለቻትና ወደ ወንድሟ መኝታ ክፍል ይዛት ገባች። በሩን ዘጋችው።

«ዘግይቼ ነው የመጣሁት እትዬ፣ ይቅርታ። ፈርቼ ነው።»

«ምን ሠርተሽ ነው የፈራሽው?» አለች እትዬ። ቆማ ነው የምታናግራት። «ቁልፍ ነበረሽ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የቤቴን! ያን ቀን እኔ ስወጣ ገብተሽ ያነሳሽው አንቺ ነሽ? ተናገሪ፣ አልቆጣሽም። አንቺ ከሆንሽ ተመስገን ነው የምለው፤ ሰው ነው ያነሳው ማለት ነው።»

ልጅቷ ለአፍታ ግራ ገብቷት አየቻት። ከዚያ ገባትና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሳይነግርዎት ሞተ ማለት ነው» አለች። «እትዬ፣ ማንም አላነሳውም። ራሱ ነው የተነሳው። መቆም ከጀመረ ቆይቷል። ግድግዳ ይዞ እስከ ሳሎን ይሄድ ነበር።»

«አትዋሺኝ። ያ ልጅ ማንኪያ አያነሳም።»

«እርስዎ ፊት አያነሳም ነበር።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ፍራሹ ሥር፣ በግድግዳው በኩል እጇን ሰደደች። ሪሞት ኮንትሮል አወጣች።

«‹ይሄ ነገር ሊያደርቀኝ ነው የተገዛው› ይል ነበር። እዚህ ደበቀውና አሮጌውን ቴሌቪዥን በሩን ራሱ ከፍቶ፣ ቁልፉን በቀኝ እጁ እየጠመዘዘ እናይ ነበር። ሬዲዮ እንፈልጋለን፣ ጣቱ ይሠራል። የአሮጌውን ስልክ ቁጥር እናዞራለን፣ ባይሠራም። እኔ ኳስና ላስቲክ ተሸክሜ መጥቼ እኮ፣ ቤታችሁን ሳይ አፈርኩ። የድሮ ዕቃ ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ የእያንዳንዱን ጠባይ ያውቃል። ከሁሉ የከበደው ግን ግራማፎኑ ነበር።»

«ግራማፎኑ» አለች እትዬ። ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ እጀታውን ግማሽ ዙር እንኳ ማዞር አልቻለም። ደርቆ ነበር፤ ሲዞር እንዴት እንደሚጮህ! ሰው የሚያቃስት ነው የሚመስለው።»

እትዬ ቀና አለች። «ማቃሰቱ... እሱ ነው?»

«እጀታው ነው። ከዚያ ያን የሚያሞቁልንን ዘይት አየና፣ ‹ለማሽን የሚሆን ዘይት አይደለም፤ ግን እሷ ሳይነካ አድሮ ካየችው ታዝናለች› ብሎ ለግራማፎኑ ማጠጣት ጀመርን።»

እትዬን ሳቅ ቀደማት። ጠርሙሱን በየቀኑ እያነሳች በብርሃን የምታየው፣ ጎደለ ብላ ደስ የሚላት፣ ለካ ግራማፎን ነው የምታሸው! ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ልጅቷ ትከሻዋን ያዘቻት፤ አብረው አለቀሱ።

«ለምን ደበቀኝ?» አለች እትዬ ቆይታ። «ቂም ይዞብኝ ነው? የሸሚዙን ነገር?»

«ኧረ ምንም ቂም አልነበረውም። ‹እሷ ስታየኝ እጄ ራሱ ልጅ ይሆንብኛል› አለኝ። ደግሞ ‹እኔን ማብላት ካቆመች ምን ይዛ ትውላለች?› ይል ነበር። ስለዚህ አጣድፎ ሊነግርዎት አልፈለገም፤ በአንድ ጊዜ ሊያሳይዎት ነው ያሰበው። ሸሚዙን ራሱ ለብሶ፣ ያንን የሚወዱትን ሸክላ ጭኖ፣ ግራማፎኑን እስከ ጥጉ ሞልቶ ሊጠብቅዎት። እርስዎ በሩን ሲከፍቱ ዘፈኑን ሊለቅና ሊቆም።» ልጅቷ ሻርፗን በጣቶቿ ትጠቀልላለች። «ብቻህን አይሆንም፣ እኔ ባለሁበት ቀን ነው የምናደርገው ብዬው ነበር። እሺ ብሎኝ ነበር። ሞቱን ስሰማ... ሸሚዝ ለብሶ ወንበር ላይ ነው የተገኘው ሲሉ፣ እኔ ባላስነሳው ኖሮ አልኩ። ለዚህ ነው የዘገየሁት።»

ከሳሎን የሾፌሩ ሳል ይሰማል። የእትዬ ዓይን ሁለቱ ትራሶች ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግራና ቀኝ የደገፈቻቸው፣ አሁን አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡት።

«ሐኪሙ ተኝቶም ቢሆን የማይቀር ነበር ብሎኛል» አለች። «ስሚኝ ልጄ። እኔ በካኔቴራ፣ በትራስ አጥሬ ነው ትቼው የወጣሁት። እዚያው ቢቀር ኖሮ እንደዚያ ሆኖ ነበር የሚሞት። ሸሚዙን ለብሶ ጠብቆኛል። ይሄን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታላቅ እህታቸው ተድራ ወጥታለች፤ እትዬ ገና ኮረዳ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር ራሱን ሳይነካ የሚያልፍ። የልብስ ስፌት መኪናውን ከእናታቸው፣ ግራማፎኑን ከአባታቸው ወረሱ። ቀኑን ሙሉ ትሰፋለች። እግሯ ፔዳሉ ላይ፣ እጇ ጨርቁ ላይ ነው፤ ዘፈኑ ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሊሞት ሲል ተነስታ ልሙላ ብትል ስፌቱ ይጣመማል። ስለዚህ «ሙላልኝ!» ብላ ትጮኻለች። እሱ ከየትም ይሁን ከየት ይሮጣል። እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ይንጠለጠልበታል፤ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ እግሩ ከመሬት ይነሳል። «ሞልቶልሻል!» ይላታል፣ እያለከለከ። አብዛኛውን ጊዜ የምትመርጠው ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ሸክላ ነበር። ኋላ ሬዲዮ መጣ፣ ቴፕ መጣ፤ እሱም አደገና እጁ ሌላ ሥራ አገኘ። ግራማፎኑ ጨርቅ ለበሰ። ለመጨረሻ ጊዜ «ሙላልኝ» ያለችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም፤ ሰው የመጨረሻ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ልብ ይል ነበር።

ልጅቷን እስከ ውጭ በር ሸኘቻት። በሳሎኑ ሲያልፉ ጎረቤቷ አቀርቅራ ብርጭቆ ትቆጥራለች። እትዬ ቆም አለችና ሁሉም እንዲሰማ «በደንብ እዩዋት» አለች። «ወንድሜን ያስነሳችልኝ ይቺ ናት።» ሾፌሩ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ ግን መልሶ ዘጋው። በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ መቼም አልታየም።

ለቀስተኛው ወጥቶ አለቀ። የምሽቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። የእህቷ ልጅ ወንበሮቹን ባለቤት ባለቤታቸው እየለየች ትደረድራለች። ቀና ስትል እትዬ ያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየቻት።

«እትዬ!»

«ምነው? የወንድሜ ወንበር ነው።»

ጨርቁን ከግራማፎኑ ላይ አነሳች። እጀታውን ጎንበስ ብላ አየችው። ዘይቱ የእንጨት መያዣው ላይ ወርዶ ደርቋል፤ በዘይቱ ላይ ደግሞ የጣት አሻራ አለ። እጇን ልታሳርፍበት ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። መርፌውን በቀስታ ሸክላው ላይ አወረደችና ማቆሚያዋን ለቀቀች።

መጀመሪያ መንሿሿት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዘፈኑ መጣ። የመንደሩን ልጆች ሁሉ እዚህ ወለል ላይ ያስቀመጠ ያ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይጎድልበት። የእትዬ እግር ሳታዘው ፔዳል እንደሚረግጥ ከፍ ዝቅ አለ። የምትሰማው ዘፈኑን አልነበረም፤ ከዘፈኑ ሥር ቀስ እያለ የሚፈታውን ብረት ነው። እያንዳንዷ ዙር እሱ በዚያ ባኮረፈ እጁ፣ ላቡን እየጠረገ ያስገባት ናት። እሱ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ጉልበቱ ግን እዚህ ግራማፎኑ ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲጠብቃት ሰንብቷል። ከፈራችው ነገር ጋር ነበር እስከ ዛሬ አንድ ቤት ያደረችው፤ እሱ ደግሞ ወንድሟ ነበር።

ድምፁ ወፈር አለ። ዘፋኙ እንደደከመው ሰው መጎተት ጀመረ።

«ሊቆም ነው» አለች የእህቷ ልጅ፤ ፍርሃቷን ረስታ ወንበሩ አጠገብ ደርሳለች። እጇን ወደ እጀታው ሰደደች። «ልሙላልዎት?»

«ተይው! እንዳትነኪው።» እትዬ እጇን ያዘቻት። «ሞልቶልኛል።»

መርፌውን አነሳች። ሸክላው ገና በቀስታ እየዞረ ሳለ፣ ጥቅሉ ተፈትቶ ሳያልቅ፣ ማቆሚያዋን በአውራ ጣቷ መለሰቻት። ጥቂት ዙር ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ እጀታውን ከጎኑ ነቀለች። አሻራው ያለበትን ቦታ ሳትነካ በጫፉ ይዛ፣ በመሐረቧ ጠቀለለችና በቀሚሷ ኪስ ከተተችው።